ያልፈረሰው ክትር

ዘርጋት፣ በሂጅራው የሰፈር ወር፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ

ይድረስ ለልጄ ለአወል ካን፤ ላሆር ከተማ።

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበትክ? ሚስትህና ልጆችህስ እንደምን ሰነበቱ? ትንሿ ጥርስ አወጣች? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። «ደህና» ማለት በአሁኑ ጊዜ በዚህ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ፤ ማስተር ሩዚ ግን ደብዳቤ ያለሱ አይጀመርም ብሎ ጻፈው። አስተማሪ አይደል? የተናገርኩትን ያሳምርብኛል ብዬ ስለፈራሁ በቁርዓን አስምዬዋለሁ። ካሳመርከው ሎራላይ ከተማ ወስጄ ለሌላ ሰው አስነብበዋለሁ፣ ያን ጊዜ ጉድ ይፈላል አልኩት። ሳቀ። ወንድሙን ባዝ ሚርን ከቀበርን ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ገና አሁን ነው።

ስትሄድ ወጥቼ ያልሸኘሁህ ተቆጥቼብህ አይደለም። በሬው አሞት ነበር።

የለም፣ በሬው አላመመውም። ማስተር፣ የፊተኛውን አትሰርዘው፣ ይህንንም ጨምርበት። የአውቶቡሱ ጡሩምባ ሲጮህ ጓሮ ቆሜ ነበር። አንዱን ልጅ ቀብሬ ሌላውን መሸኘት አልሆንልህ አለኝ። ይኸው ነው፤ ደግመህ አትጠይቀኝ።

ከኩዌታ ከተማ ይመጣሉ ያልካቸው መርማሪዎች መጥተዋል፤ ሁለት መኪና ሙሉ። የከሰል ማዕድኑን ጉድጓድ አፍ ለኩ፣ ጭቃውን በብልቃጥ ቀዱ፣ የኩባንያውን በግ በሉ። ከዚያ እኔን አስጠሩኝ። አለቃቸው ወፍራም ነው፤ ሲቀመጥ ወንበሩ አለቀሰ።

«ሽማግሌ፣ ከማዕድኑ በላይ ያለውን የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ልኩን ያወጣው ማነው?»

«ልጄ አወል ካን።»

«ጎርፉ ማዕድኑ ውስጥ ገብቶ ከገደላቸው ከአምስቱ ሰዎች ዘመድ አለህ?»

«ልጄ ዲላወር።»

ጸሐፊያቸው ብዕሩን አንሥቶ አየኝ። «ጌታዬ፣ ይሄ እንዴት ነው የሚጻፈው?» አለ አለቃውን። «እንደተናገርኩት ነዋ!» አልኩት እኔ።

እነሱ የሚሉት፣ ቦዩ ጠቦ ነው። ጎርፉን ከማዕድኑ በላይ ተቀብሎ፣ በተራራው ወገብ አዙሮ ማዶ ሸለቆ ሊጥለው ሲገባ፣ አልችል ብሎ በአሮጌው መውረጃ ወደ ከሰሉ ጉድጓድ ለቀቀው ነው የሚሉት። ልኩን ያወጣው ሰው ይጠየቅበታል አሉ። እኔ ምን እላለሁ? የጣት አሻራዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

ቦዩ አጠገብ ምን አዩ ላልከኝ፣ ምንም አላየሁም። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም።

የወንድምህ ሚስት ጉላንዳም ትስምሃለች። ልጅቷ የአባቷን ጫማ አድርጋ በግቢው ስትዞር ትውላለች፤ የሚያወልቅባት ሰው ጠፋ።

አባትህ ጀላት ካን። አውራ ጣቴ ከታች አለ።


ላሆር፣ ሴፕቴምበር 2

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፤

አሰላሙ አለይኩም፣ ባባ። እጅዎን እስማለሁ። ያልተቆጡ መሆንዎን ሳነብ ለብዙ ቀን ያጣሁትን እንቅልፍ ተኛሁ። ትንሿ ሁለት ጥርስ አውጥታለች፤ ሰው መንከስ ጀምራለች፤ እናቷ «የባባ ጀላት ልጅ» ትላታለች።

መርማሪዎቹ ውሳኔ የሚሰጡት በረዶ ሳይጥል ነው አሉ። ከዚያ በፊት እኔም የራሴን መልስ በጽሑፍ አቀርባለሁ። እታሰር እንደሆነ አላውቅም። መታሰሩ አይደለም የሚያስጨንቀኝ።

ባባ፣ ልኩን ስሠራ ምን እንዳደረግኩ እርስዎ ያውቃሉ። ስፒንሮድ ወንዝ ዳር ካለው ከአሮጌው የዋርካ ግንድ ሥር ቆመን፣ በዕድሜዎ ያዩት ትልቁ ጎርፍ የደረሰበትን በዱላዎ አሳዩኝ። «በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ» ስልዎ «መቶ ዓመት ሆኖት ያየው ማነው? አምጣውና ላናግረው!» ብለው ሳቁብኝ። እኔም የእርስዎን ምልክት ይዤ፣ በእሱ ላይ ሌላ ሁለት ክንድ ጨምሬ አሰላሁ። ይህን የምጽፈው ለመከራከር አይደለም። ከእኔ ሌላ ይህን የሚያስታውስ እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ልጠይቅዎ። ለቀብሩ ስመጣ ከጎተራው ግድግዳ ላይ ያ በበሬ የሚጎተተው የአፈር መደልደያ ሳንቃችን አልነበረም። ዲላወር ልጅ ሳለ በጩቤ ምልክት የቀረጸበት። የት ሄደ? ለምን እንደምጠይቅ ግን አይጠይቁኝ።

ማስተር ሩዚን ስለ ወንድሙ ዳግመኛ ያጽናኑልኝ። ሰውስ ስለ እኔ ምን ይላል? እርሻውስ ውኃ አገኘ?

ልጅዎ አወል።


ዘርጋት፣ በመውሊድ ሳምንት

ይድረስ ለልጄ ለአወል ካን።

አሰላሙ አለይኩም። እኛ ደህና ነን። ነካሽ ልጅ ጥሩ ናት፤ የማይነክስ ሰው እርሻ አይጠብቅም።

ሳንቃው ምስጥ በላው። ማገዶ አደረግኩት።

ማስተር ብዕሩን አቁሞ «ባባ፣ በዚህ ብርድ አገር ምስጥ የት አለ?» ይለኛል። አለ በልና ጻፍ አልኩት። አስተማሪ ሲባል ሁሉን መመርመር አይተውም።

ሰው ምን ይላል ላልከው፣ የሚለውን ብነግርህ ምን ያደርግልሃል? ስለጠየቅክ ግን ስማ። ራሴን ልላጭ ጸጉር አስተካካዩ ጋ ተቀምጬ ነበር። ምላጩን እየሳለ «ባባ ጀላት፣ ልጅህ ሲደምር አንድ ዜሮ ረስቶ ነው አሉ» አለኝ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። «አንተ ደግሞ ስትፈጠር አንጎል ተረስቶብህ ነው አሉ» ብዬው ተነሣሁ። የላጨኝ ግማሹን ነበር። ግማሽ ራሴን በጥምጣም ሸፍኜ ሳምንት ሙሉ ሄድኩ፣ ግን አልተመለስኩም። ጉላንዳም ናት በኋላ የጨረሰችልኝ። እየላጨችኝ እንባዋ ጭንቅላቴ ላይ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር።

መስጊድ ስገባ ከጎኔ ያለው ቦታ ሰው አይቆምበትም። ማስተር ብቻ ይቆምበታል። እሱ ስላንተ ክፉ ሲወራ ዝም ይላል፤ ዝምታው ከጸጉር አስተካካዩ ምላስ ይከብደኛል። ጻፈው ማስተር፣ እውነት ነው። ጻፈው።

እርሻው ውኃ አገኘ ወይ ትለኛለህ። ከየት ያገኛል? ቦይህ ጎርፉን ሁሉ ማዶ ከወሰደው ወዲህ ስንዴ ከገበያ ነው የምንበላው። ድሮ ተራራው ሲያጉረመርም ጠሪው ጣራ ላይ ወጥቶ ይጮህ ነበር፤ ወንድ የሆነ ሁሉ አካፋውን ይዞ ወደ ስፒንሮድ ይሮጥ ነበር። ሁሉም ውኃ ወደ እርሻው የሚያዞርበት የአፈር ክትሩ ላይ ቆሞ ጎርፉን እንደ እንግዳ ይጠብቀዋል። የላይኛው ሲጠግብ ክትሩን ለታችኛው ይንዳል። አሁን ሲያጉረመርም ሰው ተገላብጦ ይተኛል። ዲላወር ወደ ከሰሉ የወረደው ለዚህ መሆኑን ታውቃለህ። ባለፈው ዒድ እዚሁ ተቀምጦ «ወንድሜ ውኃችንን በእርሳስ ሰረቀን!» ብሎ ሲስቅብህ፣ አንተም ሳቅህ። እኔ ግን ፊትህን አይቼው ነበር።

ጭንቀትህን ተው። ለመልስህም አትቸኩል፣ ትንሽ አቆየው። ለምን እንደምልህ አትጠይቀኝ። አንተ ስትጠይቀኝ እኔ ስከለክል፣ እኔ ስጠይቅህ አንተ ስትከለክል፣ የማስተር ቀለም አለቀ።

አባትህ ጀላት ካን።


ሎራላይ፣ አውቶቡስ መናኸሪያ፣ ከመውሊድ ወር በኋላ በመጀመሪያው ማክሰኞ

ይድረስ ለልጄ ለአወል ካን።

ይህን የሚጽፈው ማስተር አይደለም። ስሙን የማላውቀው፣ በግድግዳ ሥር ሣጥን ላይ የሚጽፍ ሰው ነው። ማስተር ፊት የማይነገር ነገር ስላለ በጭነት መኪና ላይ ወጥቼ መጣሁ።

ሰላምታውን ተወው።

ያን ዕለት ጎርፉ ሲወርድ እኔ መንደር ነበርኩ። የመጀመሪያውን ውኃ በአሮጌው መውረጃ ሲመጣ አየሁት፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ስንት ጊዜ ያላየሁት ውኃ! ወዲያው ግን ከማዕድኑ በኩል ጩኸት ሰማሁ። ሰው ሁሉ ወደ ጩኸቱ ሮጠ። በማግሥቱም ሰው ሁሉ የማዕድኑን አፍ ሲቆፍር ዋለ፣ አንተም በመንገድ ላይ ነበርክ። እኔ ግን ወደ ላይ፣ ወደ ቦዩ ወጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ጎርፍ ሳዞር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሞልቶ የፈሰሰ ውኃና ሰው ያዞረው ውኃ አመጣጡ ይለያል። ያ ሰው ያዞረው ውኃ ነበር።

ቦዩ አፍ ላይ ክትር ተሠርቶበታል። ከድንጋይ ግንብ እስከ ድንጋይ ግንብ። ሆዱ ወደ ውኃው፣ በመሐሉ የቁጥቋጦ ንጣፍ፣ አናቱ በሳንቃ የተደለደለ። እኔ እንዳስተማርኩት። ሳንቃውም እዚያው ወድቋል፤ ዲላወር በልጅነቱ የቀረጸው ምልክት በላዩ አለ።

አወል፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው። ምን ዓይነት ክትር! ያን ያህል ውኃ ገፍቶት ቆሟል። እንዲህ ያለ ክትር የሚሠራ ሰው ከእኔ በኋላ ተወልዷል ወይ አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ውኃው የት እንደወረደ ያሰብኩት።

ገባህ? ስፒንሮድ ላይ የምንሠራው ክትር በአሸዋ ዳር ስለሚያርፍ፣ ጎርፉ ሲበዛበት ከዳሩ ይሸረሸራል፣ ይፈርሳል። እንዲፈርስ ተብሎ ነው ከአፈር የሚሠራው። ይኸንን ሕፃን ያውቀዋል። የአንተ ቦይ ግን ዳሩ በሽቦ የታሰረ ድንጋይ ነው። ክትሩ ሁለቱን ግንብ ተደግፎ እምቢ አለ። ዲላወር እንደ ልማዳችን፣ ትንሹን ዝናብ ለእርሻችን ያዞርልኛል፣ ትልቁ ሲመጣ ራሱ ይፈርሳል ብሎ ነው። ሌላ ምን ያስባል? ልማዱም ክትር ያለው ሰው ተራራው ሲያጉረመርም እንዲሮጥ ነው። እሱ ግን ያን ዕለት ተራው ደርሶ ከምድር በታች ነበር። ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ነጎድጓድ አይሰማም።

ክትሩን በአካፋ ናድኩት። ሳንቃውን ተሸክሜ አወረድኩና አቃጠልኩት። ጉላንዳም ቆማ አየችኝ። ለምን አላለችም። በዚያ ፍም ዳቦ ጋግራ ለልጅቷ ሰጠች፣ እሷ ግን አልቀመሰችም። ታውቅ ነበር ማለት ነው። ያን ሰሞን ስንቁን የምትቋጥርለት እሷ አይደለችም?

አምስት ሰው ሞቷል። አንዱ ራሱ ነው። አንዱ የማስተር ወንድም ነው። ሦስቱ ልጆች ያሏቸው የጎረቤት ሰዎች ናቸው። በውኃ የሞተ ሰማዕት ነው ተብሎ በአምስቱም መቃብር ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ተሰቅሏል። እኔ አፌን ብከፍት የዲላወር ጨርቅ ይወርዳል፤ ለአራቱ ደም ተጠያቂ ይሆናል፤ ልጁ «የዚያ ሰው ልጅ» ትባላለች። አፌን ብዘጋ አንተ ወንድምህን በእርሳስ የገደልክ ሆነህ ትቀራለህ።

ስንት ሌሊት እንዳሰብኩት አልነግርህም። የወሰንኩትን ልንገርህ። በመጪው ጁምዓ ለመንደሩ ሸንጎ እናገራለሁ፣ ከዚያም ኩዌታ ሄጄ ለነዚያ ሰዎች እናገራለሁ። አንተ መልስ ሳትሰጥ ጠብቀኝ። ዲላወርን አላህ ይዞታል። አንተን የሚይዝህ እኔ ነኝ።

ይህ ጸሐፊ «አባባ፣ እውነት ነው ይሄ?» ይለኛል። ወንድሜ፣ አንተ ጻፍ ብቻ።

አባትህ።


ላሆር፣ ኦክቶበር 7

ባባ፣ ይህን ደብዳቤ ማስተር ሩዚ እንዳያነብልዎ። እባክዎ። ሎራላይ ወስደው በማያውቅዎ ሰው ያስነብቡት።

አሰላሙ አለይኩም። ከመውሊድ ሳምንት በኋላ ከእርስዎ ምንም አልደረሰኝም። ጤናዎ እንዴት ነው?

በዘርጋት ምስጥ እንደሌለ እኔም አውቃለሁ።

ለቀብሩ የመጣሁ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ከመቃብር ሲመለስ ወደ ቦዩ ወጣሁ። ሥራዬ ነው፤ እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ጎርፍ ካለፈ በኋላ በግድግዳ ላይ የሚተወውን የደለል መስመር ነው መጀመሪያ የማየው። ከአንዲት ቦታ በላይ ደለሉ የግንቡ ጫፍ ድረስ ነበር። ከዚያች ቦታ በታች ድንጋዩ ንጹሕ ነው፤ ውኃ አልነካውም። ሞልቶ የፈሰሰ ቦይ እንዲህ ያለ ምልክት አይተውም። አንድ ሰው አፉ ላይ ዘግቶታል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ቤት ስገባ ግድግዳው ላይ ሳንቃው የለም። እርስዎም ዓይኔን አላዩኝም።

ያኔውኑ አወቅኩ፣ ባባ። ይሄን ሁሉ ጊዜ የጠየቅኩዎ ለማወቅ አልነበረም። እርስዎ ብቻዎን እንዳይሸከሙት፣ አፍዎ እንዲከፈትልዎ ፈልጌ ነው። አልተከፈተም። አላዝንብዎም።

መልሴን ትናንት ለመርማሪዎቹ ሰጥቻለሁ። ቦዩ ጠባብ ነበር ብዬ ጻፍኩ። ጎርፉን አሳንሼ ገመትኩ ብዬ ፈረምኩ። መርማሪዎቹ ደለሉን ለማየት ሲመጡ ዝናብ አጥቦት ነበር፤ ስለዚህ የሚከራከረኝ የለም። ፈቃዴን ይወስዱታል፤ ከእንግዲህ በዚህ ሥራ አልሠራም። እስራት ግን አይኖርም ብለውኛል።

ሐሰት ነው ይሉኛል። ሙሉ በሙሉ አይደለም። የመጀመሪያው ንድፌ ላይ ለእርሻችን ትንሽ የውኃ መልቀቂያ በር ሥዬ ነበር። ኩባንያው «አያስፈልግም» ብሎ ሰረዘው። እኔም ፈረምኩ። ለእርስዎም ለዲላወርም አልነገርኩም። ያ በር ቢኖር ኖሮ ወንድሜ አካፋ አያነሣም ነበር። «በእርሳስ ሰረቀን» ሲለኝ የሳቅኩት ለዚህ ነው፤ ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረኝም።

ስለዚህ ነገሩ ተጠናቋል። እርስዎ ዝም ይበሉ። ዲላወር ሰማዕት ሆኖ ይኑር፣ ልጁም የሰማዕት ልጅ ሆና ትደግ። እኔ በሕይወት አለሁ፤ ስም የጠፋበት ሰው በሌላ ከተማ ሌላ ሥራ ያገኛል። የሞተ ሰው ግን ሌላ ከተማ የለውም።

እጅዎን እስማለሁ፣ ባባ። አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ።

ልጅዎ አወል።


ዘርጋት፣ በዒድ አልፈጥር ማግሥት

ይድረስ ለልጄ ለአወል ካን።

አሰላሙ አለይኩም። ዒድ ሙባረክ። በብርዱ ወራት ሙሉ ያልጻፍኩልህ የሚጽፍልኝ ስላልነበረ ነው። ይህን የሚጽፈው ማስተር ሩዚ ነው። አዎ፣ እሱ። ቆይ እደርስበታለሁ።

«አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ» ያልከው ደብዳቤ የደረሰኝ ሸንጎው ከተበተነ በኋላ ነው። የእኔና የአንተ ደብዳቤ ሎራላይ መናኸሪያ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ሳይተያዩ ተላለፉ ማለት ነው። አንተ ወንድምህን ልታድን ራስህን ገደልክ፣ እኔ አንተን ላድን እሱን ቀበርኩት። ሁለታችንም የልባችንን አደረግን፣ አንዱም አልዳነም።

ሸንጎው ላይ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ከዚያ የበሬውን ገመድ አንገቴ ላይ አድርጌ፣ እንደ አባቶቻችን የይቅርታ ደንብ፣ በአራቱ ቤት ደጃፍ በየተራ ቆምኩ። እኔ ጀላት ካን! በሕይወቴ ለሰው ጎንበስ ብዬ አላውቅም። አንደኛዋ መበለት በር አልከፈተችልኝም። ሁለተኛዋ አመድ በተነችብኝ፣ ቆይታ ውኃ አምጥታ ፊቴን አጠበችኝ። ሦስተኛው ቤት ይቅር ብለናል አሉ፤ ሲሉ ግን መሬት መሬት ያዩ ነበር። አራተኛው የማስተር ቤት ነው። ወጣ። ገመዱን ከአንገቴ አወለቀው፣ ጠቀለለው፣ እጄ ላይ አስቀመጠው። «ሂድ፣ ባባ» አለኝ። በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስጊድ ከጎኔ መቆም ተወ።

ኩዌታም ሄድኩ። ያ ወፍራሙ ሰውዬ ተረቴን ጨርሶ ሰማኝና «ሽማግሌ፣ ኢንጂነሩ በፊርማው አምኗል፤ አንተ አባቱ ነህ፤ አባት ለልጁ ምን ያልላል? ደግሞስ ሌላ ምስክር አለህ? በአንድ ሰው ቃል ነገር አይጸናም» አለኝ። ያለኝ ምስክር ሞቷል አልኩት። ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩን ትቼ ወጣሁ።

የዲላወር አረንጓዴ ጨርቅ ከመቃብሩ ላይ ወርዷል። ማን እንዳወረደው አልጠየቅኩም። ጉላንዳም ልጅቷን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄዳለች፤ ልጅቷ የአባቷን ጫማ ይዛ ነው የሄደችው።

አሁን የምነግርህን ልብ ብለህ ስማ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፍኩት ለዚህ ነው።

በረመዳን መጨረሻ፣ ከቀትር በኋላ፣ ተራራው አጉረመረመ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልወጣም። እኔ አካፋዬን ይዤ ወጣሁ። ወደ ክትር አይደለም፣ ክትር የለኝም። ወደ ቦይህ። ጾም ይዞኛል፣ ጉልበቴ የለም፣ እያረፍኩ ወጣሁ። ቦዩ አፍ ላይ ስደርስ ከኋላዬ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ማስተር ነው። እሱም አካፋ ይዟል።

«ምን ልታደርግ መጣህ?» አልኩት።

«ደግማችሁ ዘግታችሁት እንደሆነ ልይ ብዬ» አለኝ።

«እየው እንግዲህ።»

አየው። ንጹሕ ነበር። ከዚያ መሄድ ይችል ነበር፤ አልሄደም። ዝናቡ ውስጥ ጎን ለጎን ቆምን።

መጣ፣ አወል። መጀመሪያ ድንጋዩ ሲንከባለል ድምፁ። ቀጥሎ ሽታው፤ የእርጥብ አፈር ሽታ። ከዚያ ራሱ፣ ቡኒ፣ ቤት የሚያህል። የዲላወር ጎርፍ ከዚህ ያነሰ ነበር፤ እኔ እመሰክራለሁ። ዋርካው ጋ በዱላዬ ካሳየሁህ ጎርፍም ይበልጥ ነበር። ቦይህ ውስጥ ገባ። ወጣ፣ ወጣ፣ ግንቡ ጫፍ ሊደርስ አንድ ስንዝር ቀረው። ማስተር ክንዴን ያዘኝ። ስንዝሯ እዚያው ቀረች። ውኃው በተራራው ወገብ ዞረ፣ ማዶ ሸለቆ ገብቶ ሄደ። ወደ ማዕድኑ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ወደ እርሻችንም አንዲት ጠብታ አልወረደችም። መሬታችን እንደ አመድ ደርቆ ከታች ይታየኝ ነበር። እኔ ግን እያለቀስኩ ነበር፣ ለመሬቱም አልነበረም።

ልክህ ልክ ነበር፣ ልጄ። አሳንሰህ አልገመትክም። ቦይህ ቻለው።

በሕይወትህ አመስግኜህ አላውቅም፤ አባቴም እኔን አላመሰገነኝም፣ እንዴት እንደሚደረግ አልተማርኩም። ይኸው ነው ያለኝ። ቦይህ ቻለው።

ሥራ አጥተህ በሰው ሱቅ እቃ ትቆጥራለህ ሲሉ ሰማሁ። ና። በሬው አለ። ሳንቃ የለንም፤ አዲስ እንፈልጣለን። ውኃም የለንም። ቢሆንም ና።

አባትህ ጀላት ካን። አውራ ጣቴ ከታች አለ።

ከጸሐፊው፦ ወንድሜ አወል ካን፤ ባባ ጀላት ያስጻፉኝን አላሳመርኩም፤ በቁርዓን የማልኩት አሁንም አለ። ኩዌታ ላይ ሁለተኛ ምስክር አጥተው መመለሳቸውን የሰማሁት ከእሳቸው ሳይሆን ከሰው ነው። ያን ዕለት እኔም ቦዩ ላይ ነበርኩ። ሞልቶ መጣ፤ አልፈሰሰም። ይህንን በማንም ፊት እናገራለሁ።

ሩዚ ካን፤ የባዝ ሚር ወንድም። ፊርማዬ ከባባ አውራ ጣት አጠገብ አለ።